የጋራው ኮምፕዩተር ለአካል ጉዳተኛውም ነው

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ሰንበት የሚነበበው ወንጌል በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛውን፥ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ያስታውሰናል። መጠመቂያው ለማንም የተከለከለ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ስላልነበረው ሌላው ይቀድመው ነበር። አንድ ነገር ለሁሉ ተብሎ ስለ ተቀመጠ ብቻ ለሁሉ የሚደርስ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በየቤተ መጻሕፍቱና በየትምህርት ቤቱ ለሕዝብ የሚቀመጠው ኮምፕዩተርም እንዲሁ ነው። ዓይነ ሥውሩ ወንድማችን ከፊቱ ቢቀመጥም መስተዋቱ ለእርሱ ዝም ያለ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውንም ሆነ የሐኪሙን ወረቀት ሌላ ሰው ያነብለታል፤ ምሥጢሩም የብቻው መሆኑ ይቀራል።

በጆሮና በጣት መማር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ያስተማረው ሊቁ ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ ቢጠፋም፥ በእንጨት የተቀረጹ ፊደላትን እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገራል። በእኛም አብነት ትምህርት ቤቶች ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው አጥንተው ለመምህርነት የበቁ ዓይነ ሥውራን ጥቂት አይደሉም።

ዛሬ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ኤንቪዲኤ የሚባለው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከረን የተባለ አውስትራልያዊ ዓይነ ሥውር የጀመረው ነው። ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ድምፁ የመሣሪያ ድምፅ ቢሆንም አማርኛም ያነባል። በፍላሽ ተይዞም ሊሠራበት ይቻላል። ነገር ግን በጋራ ኮምፕዩተር ላይ ተጠቃሚው አዲስ ፕሮግራም እንዳይጭን ብዙ ጊዜ ይከለከላል፤ ፍላሽም የሚዘጋበት ስፍራ አለ። እንግዲህ ፕሮግራሙን አስቀድሞ መጫን የጠባቂው ሥራ ነው፤ ተጠቃሚውም ማንንም ሳይለምን ራሱ በቁልፍ የሚያስነሣው ሊሆን ይገባል። ሌላውን እንዳያውክ፥ ምሥጢሩም እንዳይሰማ፥ የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የዓይነ ሥውራን ብቻ አይደለም። በዊንዶውስ ኮምፕዩተር ላይ ሺፍት የሚባለው ቁልፍ 5 ጊዜ በተከታታይ ቢጫኑት፥ በአንድነት የሚጫኑትን ቁልፎች አንድ በአንድ ለመጫን የሚያስችል አሠራር ይከፈታል፤ ይህም አንድ እጅ ላለው ሰው ታላቅ ዕረፍት ነው። ጠረጴዛውም የተሽከርካሪ ወንበር ከሥሩ የሚያስገባ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ትምህርታቸውን በፎቶግራፍ መልክ ብቻ ከማሰራጨት ይልቅ በፊደል ጽፈው ቢያወጡት መልካም ነው፤ አንባቢው ፕሮግራም ፎቶግራፍን እንደ ጽሑፍ አያነብምና።

ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሕንፃና መንገድ ብቻ ሳይሆን የመረጃ መሣሪያዎችም ለእነርሱ እንዲመቹ ያዛል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ይህ ተደርጎ እንደ ሆነ ጠይቁ። አካል ጉዳተኛውንም ምን እንደሚያስፈልገው ሳትጠይቁ አትወስኑለት። የምንሰጠው ምጽዋት አይደለም፤ የራሱ ድርሻ ነው እንጂ።