ስለ ዲስክ ድራይቭና ስለ አመራረጡ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ተቀምጦ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ነጋዴውም ወዳጁም ስለ ፍጥነቱና ስለ ሃርድ ዲስኩ ስፋት አብዝተው ሲነግሩት፣ ገበያው ሲፒዩ በሚለው ሣጥን ፊት ላይ ስላለችው፣ ቁልፏ ሲነካ ወጥታ ዲስክ ስለምትቀበለው ጠባብ መሳቢያ ግን የሚያነሣለት እምብዛም አያገኝም። ዘመኗ አልፏል ይባላልና። በሌላው ዓለም ይህ አነጋገር እውነትነት አለው፤ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች አብዛኛዎቹ ያለ እርሷ የሚሠሩ ሲሆን፣ ብሉሬይ የተባለውን ዲስክ ካስገኙት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሶኒ እንኳ የሚጻፍበትን የብሉሬይ ዲስክ ማምረቱን በ2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። በምሥራቅ ጎጃም ለሚኖር ገዢ ግን ከሌላው ክፍል ሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ይኸው መሳቢያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ አገር የቅርብ ዘመን መታሰቢያ ከብራናና ከወረቀት ቀጥሎ የሰፈረው በዲስክ ላይ ነውና። ሠርጉና ተዝካሩ፣ የንግሥ በዓሉ ወረብ፣ ስብከቱና መዝሙሩ፣ ቪዲዮ ቀራጩ በቪሲዲ ወይም በዲቪዲ አድርጎ ለባለቤቱ ያስረከበው ሁሉ በየቤቱ ቁም ሣጥንና ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ያለው፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል የተከለችው ሞጣ ጊዮርጊስ የሚገኙበት አውራጃ የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ባለቅኔው ደግሞ ለዕለቱ የተቀኘውን ለሌላ ዕለት ስለማይደግመው፣ ወዲያው ሰምቶ የሚነጥቅ ተማሪ ወይም ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ካልተገኘ ያ ቅኔ ከማኅሌቱ ጋር አብሮ ያበቃል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚቀዳ አልጠፋም፤ የተቀዳው የት ይቀመጥ ቢባል ግን መልሱ ቀላል አይደለም። ፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ያለውንም ያጠፋል፤ በኢንተርኔት ላይ አስቀምጣለሁ የሚል ሰውም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር አይዘነጋውም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ግን ከተዘጋ በኋላ ቫይረስም ሆነ የተሳሳተ እጅ ሊፍቀው አይችልም።

የመሣሪያው አሠራር ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። ፊሊፕስና ሶኒ ተባብረው በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት ሲዲ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የጽሕፈት መሥመር እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡ ከምጣዱ ዳር ወደ መካከል እየዞረ እንደሚፈስ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የሲዲው መሥመር ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር መሄዱ፣ ደግሞም ተዘርግቶ ቢለካ ከ5 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሆኑ ነው። የሌዘር ጨረር በዚህ መሥመር ላይ ሲያልፍ ከጎድጓዳውና ከደልዳላው ስፍራ በተለያየ መጠን ይንጸባረቃል፤ ድራይቩም የብርሃኑን መለዋወጥ ወደ ድምፅ፣ ወደ ሥዕልና ወደ ጽሑፍ ይመልሰዋል። ጨረሩ በቀጠነ ቁጥር ጽሕፈቱም ይደቃል። የሲዲ ጨረር ሞገድ 780 ናኖ ሜትር ስለ ሆነ ዲስኩ 700 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ የዲቪዲው ወደ 650 ወርዶ 4.7 ጊጋባይት፣ የብሉሬዩም ወደ 405 ወርዶ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት አስችሏል።

ከዚህ የተነሣ ድራይቭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከውጭም ሲያዩት የሚመሳሰል በመሆኑ ገዢው ይታለላል። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በሁለተኛ እጅ ከሚሸጡት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ የያዙት ሲዲ ሮም ብቻ ነው፤ ይህም የሲዲው ጨረር ብቻ ስላለው ዲቪዲ ቢገባበት ጥቂት አጉረምርሞ ባዶ ነው ይላል። ኮምቦ የሚባለው ዲቪዲ ያነባል፣ ሲዲም ይጽፋል፣ ዲቪዲ ግን አይጽፍም። ለዚህ አገር የሚመረጠው ዲቪዲ ራይተር ነው፤ ሁለቱንም ጨረር ይዞ የቆየውን ቪሲዲና ሲዲ፣ የቅርቡንም ዲቪዲ ያነባል፣ ሁሉንም ይጽፋል። ብሉሬዩን ግን አልመክርም፤ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ባዶ ዲስኩም በቅርብ ገበያ የማይገኝ ሆኖ ሳለ፣ በየቤቱ ከተከማቸው ዲስክ መካከል እርሱን የሚፈልግ የለምና ለክብር ብቻ መግዛት ይሆናል።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የፊልም ኩባንያዎች ለዲቪዲ ዓለምን በክፍል በክፍል ስለ ከፋፈሉት፣ አሜሪካ በ1ኛው፣ ምዕራብ አውሮፓ በ2ኛው፣ ኢትዮጵያም በ5ኛው ክፍል ትገኛለች፤ ከአንዱ ክፍል የተላከ የፊልም ዲስክም ለሌላው በተወሰነ ድራይቭ አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ክፍሉን እንለውጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ለውጡ ግን የሚፈቀደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያም በመጨረሻው ላይ ይጸናል። ስለዚህ ልጆች በጨዋታ እሺ እያሉ እንዳይጨርሱት መጠበቅ ያስፈልጋል። በቪዲዮ ቀራጭ የተሠራ የሠርግ ዲስክ ይህ የክፍል ገደብ የለበትም።

መያያዣውንም ማየት ተገቢ ነው። አሮጌው አይዲኢ በሰፊ ጠፍጣፋ ገመድ፣ አዲሱ ሳታ በቀጭን ገመድ ይያያዛልና፣ አንዱን ለሌላው ገዝቶ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው መንገዱ ከንቱ ይሆንበታል። ሣጥኑ ትንሽ ከሆነና ለድራይቭ ስፍራ ከሌለው ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲቪዲ ራይተር መግዛት ይሻላል፤ ይህም ከዴስክቶፑ ወደ ጎረቤት ላፕቶፕ ስለሚዛወር አንዱ ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል።

በገበያው ፊት ዋናው ፈተና ንባቡ ነው። ገዢው ከፋብሪካ ታትሞ የወጣ ሲዲ፣ በቤት የተጻፈ ሲዲ፣ ደግሞም ዕድሜ የጠገበ የሠርግ ዲቪዲ ይዞ ይሂድ፤ ሦስቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያስከፍት። የተዳከመ ሌንስ ፋብሪካ ያተመውን ያነብብና በቤት በቀለም ላይ የተጻፈውን ሲያይ ይታክታል፤ ዲስኩም መጨረሻው ዳር ላይ ሲደርስ ይቆማል። በበጋ ነፋስ ሲነሣ፣ እህልም ሲወቃ የሚነሣው አቧራ የሌንስ ጠላት ስለ ሆነ፣ መሳቢያው ያለ ሥራ ተከፍቶ መዋል የለበትም።

የሚጽፍ ሰው ደግሞ በድራይቩ ላይ የታተመውን ትልቅ የፍጥነት ቁጥር አይከተል። 16 እጥፍ የሚጽፍ ድራይቭ 8 እጥፍ ብሎ ቢታዘዝ፣ ሙሉ ዲቪዲ ለመጻፍ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል፤ ጽሕፈቱም ብዙ ጊዜ የተሻለ ይወጣል። በዚያች ጊዜ መብራት ከጠፋ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ተበላሸ ማለት ነው፤ እንግዲህ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካው ዩፒኤስ ለሌለው ሰው መብራቱ ረግቶ የሚቆይበትን ሰዓት መጠበቅ ዋጋ አለው። ከተጻፈም በኋላ ፕሮግራሙ የተጻፈውን ከምንጩ ጋር እንዲያስተያይ ማዘዝ፣ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምርም፣ ሊታለፍ አይገባም።

ኮምፒውተሩ ቤት እንደ ገባ በቅድሚያ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለበጠው በቤት የተጻፈው አሮጌ ዲስክ ነው፤ ጽሕፈቱን የተሸከመው ቀለም በፀሐይና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳልና። የፋብሪካው ሊቆይ ይችላል። ሰዎች የሚያብረቀርቀውን ፊት ሲጠብቁ የጽሑፉን ፊት ይዘነጋሉ፤ በሲዲ ግን አንጸባራቂው ንጣፍ ያለው ከዚያው ከጽሑፉ ፊት በታች ስለ ሆነ፣ በእስክርቢቶ ጫን ብሎ ስም መጻፍ ውስጡን ይቧጥጠዋል። ስሙ ለዲስክ በተዘጋጀ ለስላሳ ማርከር ይጻፍ፤ ሲወለወልም በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው እንጂ መሥመሩን ተከትሎ በመዞር አይደለም፤ በመዞር የተፈጠረ ጭረት ተከታታዩን ጽሕፈት በአንድነት ስለሚሸፍን ድራይቩ የጎደለውን አስልቶ መሙላት ይሳነዋል።