ገመድ ከሚለካው በላይ የሚጠልቅ ውኃ፦ በደጋ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ስለ መጥለቅ



የዛሬው ገለጻ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በደጋ አገር የተቆፈረ የማዕድን ዋሻ በውኃ ቢሞላና ሰው ከውስጡ ቢቀር፣ የስኩባ ጠላቂ ሊያወጣው ይችላልን? ጥያቄው ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ከቤተ ልሔም ጋይንት በስተ ምሥራቅ፣ በደላንታ ገደሎች ወገብ ላይ፣ ወጣቶች ኦፓል ፍለጋ በእጅ መሣሪያ ዋሻ ይቆፍራሉ። በ2016 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት በዚያ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸው ተሰምቶ ነበር። ያን ጊዜ መውጫውን የዘጋው ዓለት ነው፤ በክረምት ግን ውኃም ሊዘጋው ይችላል።

ጠላቂ የማዕድን ሠራተኛን ያዳነበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1907 በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በቦኒቬል የወርቅ ጉድጓድ፣ ከባድ ዝናም ከሥር ያለውን ክፍል አጥለቀለቀው። ሞዴስቶ ቫሪስኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ ከፍ ባለ ስፍራ፣ ውኃው ባመቀው አየር ውስጥ ተርፎ ቀረ። ጠላቂዎችና መሣሪያቸው በልዩ ባቡር ተጭነው መጡ፤ ፍራንክ ሂዩዝም በውኃው ውስጥ አልፎ ምግብና መብራት አደረሰለት። ፓምፖቹ ውኃውን ካጎደሉት በኋላ ሰውየው በዘጠነኛው ቀን በሕይወት ወጣ። እንግዲህ ጠላቂው እስትንፋስ አቆየ፤ መንገዱን የከፈተው ፓምፕ ነው።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሐይቅ ውስጥ የተቸገረ ጠላቂ ሽቅብ ወጥቶ ይተነፍሳል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ከራሱ በላይ ያለው ዓለት ነው። ወለሉን በእግሩ ቢነካው ደለል ተነሥቶ ብርሃኑን ይጋርድበታል። ስለዚህ ከመግቢያው ጀምሮ ያልተቋረጠ መሪ ገመድ ይዘረጋል። ከያዘውም አየር ሲሦውን ለመግቢያ፣ ሲሦውን ለመውጫ፣ የቀረውን ሲሦ ለክፉ ቀን ያደርጋል።

በደጋ ደግሞ ሌላ አደጋ ይታከላል። ጠላቂ በግፊት ውስጥ ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል፤ ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ነርቭንም ይጎዳል። የጉዳቱ መጠን ግፊቱ በስንት እጥፍ እንደ ቀነሰ ይወሰናል። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 1 ከባቢ አየር ነው፤ 10 ሜትር ውኃ ሌላ 1 ይጨምርበታል። ጠላቂው ሲወጣ ግፊቱ ከ2 ወደ 1፣ ማለትም በ2 እጥፍ ይቀንስለታል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት 0.7 ገደማ ብቻ ነው። ከ10 ሜትር ጥልቀት የሚወጣው ሰው ከ1.7 ወደ 0.7፣ ማለትም በ2.4 እጥፍ ገደማ ይወርድበታል። በባሕር ሰንጠረዥ ሲታሰብ ይህ ከ14 ሜትር እንደ መውጣት ይቆጠራል። ገመዱ አሥር ይላል፤ አካሉ ግን የሚያውቀው አሥራ አራትን ነው።

ከጠረፍ በአውሮፕላን በአንድ ቀን የደረሰ ጠላቂ ደግሞ ገና ሳይጠልቅ ትርፍ ናይትሮጅን በአካሉ ይዟል። ከወጣም በኋላ ከገደሉ ወገብ ወደ አምባው ቢወጣ የአየሩ ግፊት ዳግመኛ ይቀንስበታል። ሰንጠረዡን ሳያስተካክል የገባ አዳኝ ራሱ አዳኝ ያሻዋል።

ስለዚህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ፣ ጠላቂ ሊረዳ ይችላል፣ ነገር ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው የሚል ነው። ከእርሱ በፊት ፓምፕ አለ፤ ከፓምፑም በፊት የቆፋሪው ጥበብ አለ። ወለሉ ከደጃፉ ወደ ውስጥ በመጠኑ ሽቅብ እያለ የተቆፈረ ዋሻ ውኃውን በራሱ ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ቁልቁል የተቆፈረው ግን ያጠራቅመዋል። ይህን ለቆፋሪዎቹ ከክረምት በፊት ማስተማር የምሕንድስናና የሥነ ምድር ምሁራን ድርሻ ነው።