ምላሹ ሲጠፋ፦ ከአሳሽ ወደ አገልጋይ የሚደረግ ጥሪ በቡና ርክክብ መዝገብ ላይ

በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ከተሞች፣ ለምሳሌ በአጋሮና በሊሙ ገነት አካባቢ፣ የእሸት ቡና ርክክብ የሚበረታው ከቀትር በኋላና በምሽት ነው። ቀይ እሸት መብላላት ሳይጀምር በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ስላለበት፣ ቀን ሲለቅም የዋለው አርሶ አደር ሁሉ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው የሚደርሰው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለ ሰልፍ ፊት የወረቀት ደረሰኝ በድረ-ገጽ መተግበሪያ ቢተካ፣ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ችግር አብሮ ይመጣል።

መዛኙ «መዝግብ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን፣ በአሳሹ ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት በአገልጋዩ ላይ ያለውን ተግባር በቀጥታ ሊጠራ አይችልም። ሁለቱ የጋራ ማኅደረ ትውስታ የሌላቸው የተለያዩ ማሽኖች ናቸው። የሚቻለው የተግባሩን መለያና ግብዓቶቹን፣ ዛሬ በአብዛኛው በጄሰን ቅርጽ፣ ወደ ጽሑፍ ለውጦ በኤችቲቲፒ ጥያቄ መላክና ምላሽ መጠበቅ ነው። ገጹን እንደገና ሳይጭኑ ይህን ማድረግ ያስቻለው ኤክስኤምኤልኤችቲቲፒሪኩዌስት እ.ኤ.አ. በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ቀረበ፤ በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት አሠራሩን ኤጃክስ ብሎ ሰየመው። አሁን በአዳዲስ ሥራዎች ቦታውን የያዘው ፌች ነው።

ፌች በኮዱ ውስጥ የአንድ መስመር ጥሪ ስለሚመስል፣ የርቀት ጥሪ እንደ ቅርብ ጥሪ ይቆጠራል። ልዩነቱን ቢረልና ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ርቀት ጥሪ ባሳተሙት ጽሑፍ በግልጽ አስቀምጠውታል። በእነርሱ ሥርዓት ምላሽ ከተመለሰ ተግባሩ በትክክል አንድ ጊዜ ተፈጽሟል፤ ካልተመለሰ ግን ወይ አንድ ጊዜ ተፈጽሟል ወይም ጭራሽ አልተፈጸመም፣ ጠሪውም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነገረውም።

አንድ አርሶ አደር 38 ኪሎ እሸት አስረከበ እንበል። ጥያቄው አገልጋዩ ዘንድ ደርሶ ተመዘገበ፤ ምላሹ ሲመለስ ግን መስመሩ ተቋረጠ። መዛኙ በገጹ ላይ ስሕተት ስላየ ደግሞ ይጫናል፣ መዝገቡም 76 ኪሎ ይሆናል። ማኅበሩ ያልተረከበውን ቡና ይከፍላል፤ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለቱን የሚጠየቀው ደግሞ መዛኙ ነው። ድግግሞሽን ፈርቶ ሳይጫን ከቀረና የጠፋው ጥያቄው ራሱ ከነበረ፣ ተጎጂው አርሶ አደሩ ይሆናል። ጥሪውን ከአሳሹ ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም፤ በአገልጋዩ ላይ የተጀመረው ሥራ በዚያ ምክንያት ለመቆሙ ዋስትና የለም።

ተመሳሳይ መዝገብ ሲመጣ አገልጋዩ ይጣለው የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ 38 ኪሎ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለበት ይዘቱ ሳይሆን መለያው ነው። በጥራዝ የሚታተም የወረቀት ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥሩን የሚይዘው ገና ሳይጻፍበት ነው። አሳሹም እንዲሁ ከመላኩ በፊት ለእያንዳንዱ ሚዛን የማይደገም መለያ አመንጭቶ በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ገጹ ቢዘጋና ቢከፈት እንኳ በዚያው መለያ ደግሞ ይልካል። አገልጋዩ መለያውንና ኪሎውን በአንድ ግብይት ውስጥ ይጽፋል፣ መለያው ቀድሞ ካለም አዲስ ሳይመዘግብ የቀድሞውን ምላሽ ይመልሳል። በጀማሪዎች ኮድ የሚዘወተረው ስሕተት መለያውን በእያንዳንዱ መጫን ማመንጨት ነው፤ ያኔ መለያው መኖሩ ምንም አይጠቅምም።

የኤችቲቲፒ ደንብም ከዚህ ጋር ይስማማል። ፑት ተደጋግሞ ቢላክ የታሰበው ውጤት አንድ ጊዜ ከተላከው አይለይም፤ ፖስት ግን ይህ ዋስትና የለውም። መለያውን በአድራሻው ውስጥ አስገብቶ በፑት መላክ፣ ኮዱን በኋላ ለሚያነበው ሰው ዓላማውን በግልጽ ያሳያል። ዋጋውን ማስላት በአንጻሩ ለአገልጋዩ ብቻ ይተዋል፤ በአሳሽ ውስጥ ያለን ስክሪፕት ተጠቃሚው እንደፈለገ ሊለውጠው ይችላልና።

የሚቀረው ለመዛኙ የሚታየው ገጽ ነው። ብዙ መተግበሪያዎች «ተሳክቷል» እና «አልተሳካም» ብቻ ይላሉ። ምላሽ ባልመጣበት ጊዜ ግን ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑ ስለሚችሉ «ገና አልተረጋገጠም» የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ መስመሩ ሲመለስ ስክሪፕቱ በዚያው መለያ ጠይቆ እስኪያረጋግጥ ድረስ መዛኙ ቀጣዩን ጆንያ መመዘን ይችላል።