ጥበቃ ላይ ያሉ አባቶችና የዕድሜ ዓይን

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ሙስሐፉን ራቅ አድርገው የሚቀሩ አባቶች ብዙ ናቸው። የዓይን ሌንስ በዕድሜ እየጠጠረ ቅርቡን ማጥራት ይሳነዋል። ሽጉጥ የታጠቀ ዘበኛም የሚቸገረው በዚሁ ነው፤ ዒላማው ጥርት ብሎ ሳለ የአፈሙዙ ማነጣጠሪያ ይደበዝዝበታል። የማንበቢያ መነጽር አይፈይደውም። እሱ የሚያጠራው 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለውን ሲሆን፣ እጅ ሲዘረጋ ማነጣጠሪያው ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይርቃል። ከፊት ያለውን ሰውም ያደበዝዛል፤ ሌባ ይሁን ጎረቤት ሳይለዩ መተኮስ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው! ስለዚህ ከዓይን እስከ ማነጣጠሪያ ያለውን ርቀት በገመድ ለክቶ ለባለሙያ መንገር ይሻላል (መሣሪያውን ይዞ መሄድ አያስፈልግም)። ቁጥሩ ከማንበቢያው ያነሰ መነጽር ይታዘዛል፤ ሩቁንም ያን ያህል አያደበዝዝም። አንዱ ዓይን ጭጋግ ከለበሰ ግን ሞራ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪታከሙ ሽጉጡን ለሌላ ዘበኛ ማስረከብ ነው።