ስለ ቀይ አፈርና ስለ ዋልካ

በጕለሌ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለው ተዳፋት የሚበዛው ቀይ አፈር ነው። መቅላቱም ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ በዝናምና በፀሐይ ብዛት ሲፈርስ፥ በውስጡ ያለው ብረት ስለ ዛገ ነው። ውኃ ይሰርግበታል እንጂ አይተኛበትም።

ወደ ቦሌ ሜዳ ሲወርዱ ግን ዋልካ ይገኛል። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል፤ ስሙም መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ አፈር በስንጥቁ ይገባል፥ በክረምትም አብጦ ይገፋዋልና። ለጤፍ መልካም ነው፤ ለትምህርት ቤት መሠረት ግን ክፉ ነው፥ ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ቀለሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የበሰበሰ ቅጠል ያጠቈረው አፈርም አለና። ስለዚህ መሬት የሚመርጡ ሽማግሌዎች ከአንድ ክንድ ጥልቀት አፈር አውጥተው፥ በውኃ አቡክተው፥ በጣሳ ሞልተው በፀሐይ ያድርቁት። ዋልካ እንደ ሆነ ከጣሳው ጠርዝ እጅግ ይሸሻል፥ ይሰነጠቃልም፤ ቀዩ የሚሸሸው ጥቂት ነው።