ነፃው መጋዘን ኪራይ ጠየቀ

ኪራይ የማይከፈልበት መጋዘን ሲገኝ ዕቃው ይበዛል፤ ባለቤቱ ዋጋ ያወጣ ዕለት ግን ወዴት እንደሚጫን ይጨንቃል። የዩኒቨርሲቲዎች የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻም የገጠመው ይኸው ነው።

ጉግል ለትምህርት ተቋማት ገደብ የሌለው ቦታ በነፃ ይሰጥ ነበር። መምህሩም ሆነ ተማሪው አንድ ፕሮግራም በቤት ኮምፒዩተሩ ላይ ጭኖ፣ ዩኒቨርሲቲው በሰጠው ስምና የይለፍ ቃል ሲገባ፣ ማከማቻው በዊንዶውስ ላይ እንደ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ገደብ አልባነቱ እንደሚያበቃ አስታወቀ፤ ከጁላይ 2022 ጀምሮም ለአንድ ተቋም በጠቅላላ የሚሰጠው መነሻ 100 ቴራባይት ሆነ። ማይክሮሶፍትም በ2023 ያንኑ መጠን መነሻ ማድረጉን ገለጸ።

100 ቴራባይት ብዙ ይመስላል። 20,000 ሰው ላለው ዩኒቨርሲቲ ሲካፈል ግን ለነፍስ ወከፍ 5 ጊጋባይት ነው። ማንም ሰው በግሉ ከጉግል በነፃ የሚያገኘው 15 ጊጋባይት ነው! ተጨማሪ የፈለገ ተቋም ይገዛል። ደንበኛን በነፃ አስለምዶ በኋላ ዋጋ መቁረጥ ለነጋዴ አንባቢያችን አዲስ ብልሃት አይደለም።

ቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሰው ስጋት ግን ሌላ ነው። በዲስኩ ላይ የሚታየው ፋይል ሁሉ ቤት ውስጥ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ያለው ስሙ ብቻ ሲሆን ይዘቱ የሚመጣው ሲከፈት ነው። ቤት የተሰረዘውም እዚያ ይሰረዛል። ቁልፉ የዩኒቨርሲቲው በመሆኑም ተመራቂው መግቢያው ከተዘጋበት የመመረቂያ ጽሑፉ ጭምር እዚያው ይቀራል፤ አስቀድሞ በገዛ ዲስኩ ላይ ካልገለበጠው።