ኮምፒውተራችን ውስጥ የተቀመጠው የእኛ ሰዓት



ወላይታ ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር ቤት ከፍቼ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እጽፋለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። የዛሬውን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ደንበኛዬ ነች። በኢንተርኔት የሚደረግ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት፤ የመጣላት መልእክት 3:00 ይላል። ጧት 2:30 ላይ ከቦዲቲ መጥታ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። 3:00 ሆነ፣ 4:00 ሆነ፣ ማንም አልገባም። ከቁጥሩ ኋላ «ፒኤም» የሚል እንዳለ እሷም እኔም ልብ አላልንም። ተስፋ ቆርጣ ተመለሰች። ቃለ መጠይቁ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲጀመር ልጅቷ ቦዲቲ ቤቷ ነበረች።

ያን ቀን ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከፍቼ ሰዓት የሚመለከተውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከፊቴ ያለ ዕቃ ነው፤ ያገኘሁትን ግን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

ዊንዶውስ ከዋናው ሰዓት ሌላ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶች እንድናስገባ ይፈቅዳል። የተሠራው ዘመዱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ላለ ሰው ነው። እኛ ግን ለሌላ ነገር ልንጠቀምበት እንችላለን። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በአፋችን የምንጠራው ሰዓት ደግሞ ፈረንጆቹ ከሚጽፉት በ6 ሰዓት ያንሳል። ስለዚህ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ከተማ ከተገኘ፣ የዚያ ከተማ ሰዓት የእኛው ሰዓት ነው ማለት ነው። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ተገኘች። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው።

በጣም የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እኛ ጋ ጎሕ ሲቀድ፣ 12 ሰዓት ስንል፣ ቦነስ አይረስ እኩለ ሌሊት ነው፤ ኮምፒውተሩም 12:00 ብሎ አዲስ ቀን ይጀምራል። ስለዚህ «ኤኤም» ሲል የእኛ ቀን ነው፤ «ፒኤም» ሲል የእኛ ማታና ሌሊት ነው። ቀኑ ከንጋት የሚጀምረው አቆጣጠራችን ሳይዛነፍ እዚያው ተቀምጧል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ታይም ኤንድ ላንጉጅ፣ ከዚያ ዴት ኤንድ ታይም ትገባላችሁ። ወረድ ብሎ «አዲሽናል ክሎክስ» የሚል አለ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ስሙ ረዘም ቢልም የሚከፍተው መስኮት ያው ነው። «ሾው ዚስ ክሎክ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከዝርዝሩ «ሲቲ ኦፍ ቦነስ አይረስ» የሚለውን ምረጡ፤ ስም መስጫው ላይ «የእኛ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ማውዙን ከታች በቀኝ ካለው ሰዓት ላይ ስታደርጉት ሁለቱም ሰዓቶች አብረው ይታያሉ። በክረምትና በበጋ ሰዓቱን የሚቀያይር አገር ከመረጣችሁ ግን ግማሽ ዓመት ያሳስታችኋል፤ ቦነስ አይረስን ያልኩት እሱን አስቤ ነው። ይህ ዘዴ የሚያስተካክለው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ቀኑና ወሩ የፈረንጅ እንደሆኑ ይቀራሉ።

አሁን ደግሞ ወደ መብራት መጥፋት ልለፍ። መመረቂያ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱቄን ይሞሉታል። መብራት እልም ሲል ቤቱ በአንድ ድምፅ «ውይ!» ይላል፤ ያን ድምፅ መቼም አልለምደውም። ወርድ በራሱ ለአደጋ ጊዜ ቅጂ ይይዛል፤ ግን ሳንነካው ከተውነው የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው። 10 ደቂቃ ለፈጣን ጸሐፊ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ግቡና «ኦቶ ሪከቨር» የሚለው አጠገብ ያለውን 10 ወደ 1 ለውጡት። ጭራሽ ስም ሳይሰጠው የጠፋ ጽሑፍም ቢሆን ፋይል፣ ኢንፎ፣ ማኔጅ ዶክመንት ውስጥ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክመንትስ» በሚለው ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ ሁሉ ግን ኮንትሮልና ኤስን አይተካም፤ እጃችሁ አንቀጽ በጨረሰ ቁጥር እዚያ ይሂድ።

ሌላው የሚያናድደኝ የፍላሽ ነገር ነው። «ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ፣ ቫይረስ በላቸው» ብሎ የሚመጣ ሰው አይታጣም። አብዛኛውን ጊዜ አልበላቸውም፤ ደብቋቸዋል። ፍላሹ ባዶ ቢመስልም የያዘው መጠን ሲታይ ሙሉ ነው። የፎልደር ኦፕሽንስ መስኮት ውስጥ ቪው የሚለውን ክፈቱና የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ፤ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ደግሞ ምልክቱን አንሡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ «የለም» ብሎ ይተዋል፤ ቫይረሱ ግን ፋይሎቹን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው ሁለተኛው ካልተነካ አይታዩም። ሾርትከቶቹን አትክፈቱ። እውነተኞቹን ፎልደሮች ኮምፒውተሩ ላይ ቅዱ፣ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ፣ ፎርማት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በወላይትኛ የምትጽፉ መምህራን፣ ይህ ለእናንተ ነው። ቋንቋችን በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ወርድ እንግሊዝኛ መስሎት ገጹን በቀይ መስመር ያጥለቀልቀዋል። ጉሮሮ ላይ ተይዞ የሚወጣውን ድምፅ፣ ለምሳሌ «ሎኦ» (መልካም) ስንል መሐል ላይ ያለውን፣ በቁጥር 7 እንጽፈው የለ? ከቀይ መስመሩ የሚያመልጡት በአብዛኛው እነዚያ ቃላት ናቸው፤ ወርድ ቁጥር የገባበትን ቃል እንዲያልፍ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ሌላውን ለማጥፋት ኮንትሮልና A ተጫኑ፤ ከዚያ ሪቪው፣ ላንጉጅ፣ «ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ» ውስጥ «ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ ኦር ግራመር» የሚለውን ምረጡ። ገጹ ይጸዳል። የልጆቻችን ቋንቋ ስህተት ተብሎ በቀይ ተሰምሮበት ማየት ደስ አይለኝም።

አማርኛ ለመጻፍም ዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ ከላንጉጅ ዝርዝር አማርኛን ጨምሩና የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብራችሁ እየተጫናችሁ ቀያይሩ። በፓወር ግዕዝ ፕሮግራም መጻፍ የለመደ ጣት መጀመሪያ ላይ ይደነቃቀፋል።

ከስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ፦ የዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድ ማውረድ ያቆማል፣ ፓኬጃችሁም ይቆያል።

የዊንዶውስ ቁልፍና ቪ ደግሞ ኮፒ ያደረጋችኋቸውን የመጨረሻ 25 ነገሮች ያሳያል፤ መጀመሪያ ስትጫኑት «ተርን ኦን» በሉት። ለብቻችሁ በምትጠቀሙበት ላፕቶፕ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሰው በሚፈራረቅበት ኮምፒውተር ላይ ግን አትክፈቱት፤ አንዱ ኮፒ ያደረገውን የይለፍ ቃል ቀጥሎ የተቀመጠው ያየዋል። እኔ ሱቄ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አጥፍቻቸዋለሁ።

ቃለ መጠይቁ ያመለጣት ልጅ ሌላ ቦታ አመልክታ ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። ሰዓቱን አብረን አየነው፤ ላፕቶፗ ላይም «የእኛ ሰዓት»ን አስገባሁላት።

ቦነስ አይረስን ነገ ብታስገቡትም ይደርሳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛችሁ ያላችሁ ተማሪዎች ግን ያቺን የወርድ 10 ቁጥር ዛሬውኑ፣ መብራት ሳይጠፋ ቀይሯት።